ዜሮ ያገኘችው እንሰት

በጉራጌ ደጋ፣ እንሰት በየደጁ በሚበቅልበት አገር፣ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር፣ በመላ አገሪቱ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ይህም ትምህርት ቤት እንደ ብዙ መሰሎቹ አንድ ልጅ እንኳ ሳያሳልፍ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ የግቢው ጠባይ ተለወጠ። በእረፍት ሰዓት ኳስ የሚያንከባልል ጠፋ። ልጆቹ ሌሊት እንቅልፍ እያጡ ቀን ክፍል ውስጥ ያንቀላፋሉ፤ ራሴን አመመኝ ብሎ የሚቀረው በዛ። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ደግሞ ጭራሽ መናገር ተወች። ታላቅ ወንድሟ ከወደቁት አንዱ ነበር።

ዳይሬክተሩ ቢሮ አስጠርተው «ምን ሆነሻል? ንገሪኝ እንጂ!» አሏት።

«ምንም።»

የክፍል ኃላፊዋም ጠየቋት፤ «ምንም»። እናቷ ጸበል ወስዳ አስጠመቀቻትና መንገድ ላይ ጠየቀቻት፤ ያው «ምንም»።

ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ጠፍ መሬት ነበር። የግቢው ዘበኛ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው፣ ድንጋዩን ለቅመው መደብ ማውጣት ጀምረዋል። አንድ ቀን ልጅቷ ብቻዋን ተቀምጣ አይተው፣ «ልጄ፣ የዚችን ገመድ ጫፍ ያዥልኝ፤ መደቡ ተጣመመብኝ» አሏት። ያዘችላቸው። በማግስቱ ውሃ አጠጣች። በሦስተኛው ቀን ሳትጠራ መጣች። ሽማግሌው አንድም ነገር አልጠየቋትም።

ከሳምንታት በኋላ ጎመን ሲኮተኩቱ፣ አንገቷን ሳታቀና፣ «አባባ፣ ወንድሜ ማታ ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ያለቅሳል። እኔም ተራዬን ነው የምጠብቀው» አለች።

ሽማግሌው አልመከሯትም፤ «አይዞሽ፣ አንቺ ጎበዝ ነሽ»ም አላሏትም። «እህ» ብለው አረማቸውን ነቀሉ። ቆይተው፣ «ነገ ወንድምሽን ይዘሽው ነይ። ዶማ የሚያነሳልኝ ሰው አጥቻለሁ» አሏት።

ወንድሟ መጣ፤ ወንድሟን ተከትለው ሌሎችም መጡ። ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲጠየቅ የሚቆልፈው አፍ፣ ጎን ለጎን አጎንብሶ አፈር ሲነካ ይፈታል። የባዮሎጂው መምህር አንድ ቀን ጓሮውን እያዩ፣ «የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ልጆች ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት» ቢሏቸው፣ ዘበኛው «ታዲያ ሰባተኛው የትኛው እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ሰባቱንም ይላኩልኝ» አሉ።

ጓሮ ግን ሐኪም አይደለም፤ ሽማግሌውም ይህን ያውቁ ነበር። አንድ ልጅ «መኖር ሰለቸኝ» ሲላቸው ዶማ አላስጨበጡትም። በዚያው ሰዓት በራቸውን ለሌላ ሰው አደራ ብለው፣ አባቱን አስጠርተው፣ ራሳቸው ሆስፒታል ድረስ ሸኙት።

የልጆቹ ፊት መፈካቱን ዳይሬክተሩ አዩና ደስ አላቸው። ደስታቸውንም በለመዱት መንገድ ገለጹት፦ ስብሰባ ጠሩ። «ይህ ምርጥ ተሞክሮ ነው! ተቀምሮ ይስፋ» ተባለ። ለእያንዳንዱ ተማሪ ቁጥር የተለጠፈበት መደብ ተሰጠ፤ ከ20 የሚያዝ ማርክ ተመደበ፤ ደረጃው በየሁለት ሳምንቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ ጀመር።

ወር ሳይሞላ አንዱ ካሮቱ ማደጉን ለማየት በየቀኑ እየነቀለ መልሶ ቀበረው። ሌላው ከገበያ ከነሥሩ ጎመን ገዝቶ ማለዳ ተከለ። የአንዷ ቆስጣ ሌሊት ተነቅሎ አደረ፤ ማን እንደነቀለው ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። ራስ ምታቱም ተመለሰ።

ያቺ ልጅ ይህን ጊዜ ሽማግሌውን፣ «አባባ፣ እኔ እንሰት መትከል እፈልጋለሁ» አለቻቸው።

የሦስት ዓመት እንሰት ከቤታቸው ነቅለው አመጡላትና ግንዱን ከአሚቾው፣ ከወፍራም ሥሩ፣ በላይ ቆረጡት። መሐሉን፣ አዲሱ ቅጠል የሚወጣበትን ልቡን፣ በቢላ ጎርጉረው አወጡ። እሷ ክፍተቱን በአፈርና በፍግ ሞላች። «ልቡ ካልወጣ አንድ ሆኖ ሽቅብ ይሄዳል» አሏት፤ «ከወጣ በዙሪያው ብዙ ችግኝ ይሰጣል። ግን ፍግና አፈር ሳታለብሺው ከጣልሽው ይበሰብሳል እንጂ አይበቅልም።» ቀበሩት።

ማርክ የሚሰጥበት ቀን ዳይሬክተሩ መዝገብ ይዘው መጡ። በመደቧ ላይ ባዶ አፈር ብቻ ይታያል።

«ምን ተክለሻል?»

«እንሰት።»

«የታለ?»

«ከሥር ነው።»

ዜሮ ጻፉ። ይህን ጊዜ ዘበኛው ቀረብ አሉ። «ዳይሬክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ትናንት ማታ ምን በሉ?»

«ቆጮ በጎመን። ምነው?»

«ከየት የመጣ?»

«ከአባቴ ጓሮ።»

«መቼ የተተከለ?»

ዳይሬክተሩ ማሰብ ጀመሩ። የደጋ እንሰት ለመድረስ 4ም 7ም ዓመት ይወስዳል፤ በመሐሉ ከቦታ ቦታ እየተነቀለ ይዛወራል። ያ እንሰት ሲተከል እሳቸው ገና ተራ አስተማሪ ነበሩ፤ በአባታቸው ላይ «እስካሁን ከተማ ሳትገባ ምን ታደርጋለህ» እያሉ የሚያሾፉም ነበሩ።

«በተከሉ በሦስተኛው ወር መዝገብ ይዘው ቢመጡባቸው፣ ለአባትዎ ስንት ይሰጧቸው ነበር?» አሉ ሽማግሌው።

ዳይሬክተሩ ዜሮውን ሰርዘው ሃያ ሊጽፉ እስክሪብቷቸውን አነሱ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱም ያው ነው፤ ነገ ሁሉም እንሰት ተክሎ ሃያ ሊጠይቅዎት ነው።» ዳይሬክተሩ ጥቂት ቆሙ፤ ከዚያ መዝገቡን ዘጉት። በማግስቱ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ተነሳ፤ በየመደቡ የተተከለው ቁጥርም ተነቀለ። ከወረዳ መጥተው «የጓሮው ውጤት በመቶኛ ስንት ደረሰ?» ያሏቸውን ሰዎች፣ ዳይሬክተሩ «እሱን የማንጠይቅበት አንድ ቦታ ለልጆቹ ትተንላቸዋል» ብለው መለሱ።

ይህን ታሪክ ሰምተው፣ «ለመሆኑ ልጅቷ ፈተናውን አለፈች ወይስ ወደቀች?» የሚሉ አይጠፉም። እነሱ መዝገቡን ገና አልዘጉትም።