የሚነቀል ሕንፃ ዘላቂ ይባላልን?

«ዘላቂ» የሚለው ቃል በቀደመው ትርጉሙ ጸንቶ የሚኖርን፣ ዘመን የማይሽረውን ነገር ሲያመለክት፣ ከልማት ቋንቋ ጋር በመጣው ትርጉሙ ደግሞ የተፈጥሮ ሀብትን ሳያሟጥጥ ለመጪው ትውልድም ዕዳ ሳያወርስ የሚከናወን ሥራን ይገልጻል። ተፈታትቶ እንዲነሣ ታስቦ የተሠራ ስታዲየም እንግዲህ በአዲሱ ትርጉም ዘላቂ፣ በቀደመው ግን አላፊ ነው፤ የአንድ ሕንፃ በጎነት የሚለካው በዕድሜው ነው ወይስ ከቆመበት በሚነሣበት መንገድ የሚለው ጥያቄም የሚወለደው ከዚህ ነው።

ጥያቄው ጎልቶ የታየው በዶሃ በራስ አቡ አቡድ በተሠራው፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 በተከፈተውና 44 ሺህ ያህል ተመልካች በሚይዘው ስታዲየም 974 ላይ ነው። ስታዲየሙ በብሎን በተያያዘ የብረት አጽም ላይ የዕቃ ማጓጓዣ ኮንቴይነሮችን ደርድሮ የቆመ ሲሆን፣ ስሙ የኮንቴይነሮቹም ብዛት የኳታርም የስልክ መለያ ቁጥር ነው። ለ2022 የዓለም ዋንጫ ካገለገሉት 8 ስታዲየሞች ማቀዝቀዣ ያልተገጠመለት እርሱ ብቻ ነበረ፤ የባሕሩ ነፋስ ይበቃዋል ተብሎ ጨዋታዎቹ በምሽት ብቻ ተካሄዱበት። የምሽቱ ነፋስ የደረሰው ግን ለተመልካቹ ነው፤ ብረቱን ያቆመው ስደተኛ ሠራተኛ የደከመው በቀን ሲሆን፣ አገሪቱ በሙቀቱ ወራት ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ደጅ መሥራትን እስከ መከልከል ሕጓን ያጠበቀችው ስታዲየሙ ሊከፈት ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነበር። የሠራተኛውን ጤና ሳይቈጥር የካርቦኑን መጠን ብቻ የሚቈጥር ሒሳብ ጎደሎ ነው።

ነቅሎ መትከል አዲስ ጥበብ አይደለም። የኢትዮጵያ ሊቃውንት ደብተራ ኦሪት የሚሏት (ደብተራ በግእዝ ድንኳን ማለት ነው) የመገናኛው ድንኳን በምድረ በዳው ጉዞ ሁሉ ስትተከልና ስትነቀል ኖራለች። ኦሪት ዘኍልቍ በምዕራፍ 4 መጋረጃውን ለጌድሶን ልጆች፣ ንዋያተ ቅድሳቱን ለቀዓት ልጆች፣ ሳንቃውን፣ ምሰሶውንና ካስማውን ለሜራሪ ልጆች ካከፋፈለ በኋላ፣ የሜራሪ ልጆች የሚሸከሙት ዕቃ በየስሙ እንዲቈጠር እስከ ማዘዝ ይደርሳል። የዕድር ድንኳንም በዚሁ ሥርዓት ይኖራል፤ ከሐዘን ቤት ሲነሣ ሸራው፣ ብረቱ፣ አግዳሚ ወንበሩና ድስቱ ተቈጥሮ ወደ ዕቃ ቤት ይመለሳል፣ ቢጎድል የሚጠየቀው ሰው ይታወቃል፣ ቀጥሎ የሚተከልበትም ቤት አይጠፋም።

ከሁለቱ እንደሚታየው አንድን ነገር ተመላሽ የሚያደርገው ብሎኑ ሳይሆን አስቀድሞ የተሰየመው ተሸካሚና ተረካቢ ነው። ብረትና ኮንቴይነር ሲመረት የወጣው ካርቦን የሚካካሰው ዕቃው በእርግጥ ሌላ ቦታ ሲያገለግል፣ መንገዱም ሳይረዝም ሲቀር ብቻ ነው። ለጤናም ቢሆን የሚጠቅመው ተረካቢው ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ሲመክር፣ ያን ደቂቃ የሚሞላው ሰው በዓመት ጥቂት ቀን የሚከፈት መድረክ ሳይሆን በየሰፈሩ የሚገኝ ሜዳ ያስፈልገዋል፤ ከስታዲየሙ የሚነቀለው ወንበርና መጸዳጃ ቤትም ሊሄድ የሚገባው ወደዚያ ነበር።

ስታዲየም 974 የዓለም ዋንጫ ሥራውን እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5 ቀን 2022 ብራዚል ደቡብ ኮሪያን 4 ለ 1 በረታችበት ጨዋታ ፈጸመ። በዲሴምበር 2024 በዚያው ስፍራ፣ ከእነ ኮንቴይነሮቹ ቆሞ፣ የፊፋን የአህጉራት ዋንጫ ጨዋታዎች አስተናግዷል።