ራሱን የሚያስታምም ሕመምተኛ ብቻውን ነውን?



በአገራችን ልማድ የታመመ ሰው አስታማሚ አያጣም። ጎረቤት ይጠይቀዋል፤ ዘመድ በአልጋው ዙሪያ ይሰበሰባል። የካንሰር ሕክምና ግን ይህን መልካም ልማድ የሚፈትን ጥያቄ ይዞብን መጥቷል። ከሜጋ የሚነሣ ሕመምተኛ ለሕክምናው እስከ ሐዋሳ ወይም እስከ አዲስ አበባ ይጓዛል፤ የአዲስ አበባው መንገድ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2023 በዘለቀው ድርቅ ከብቱን ላጣ ሰው የመሳፈሪያው ገንዘብ ራሱ ሸክም ነው። የኬሞቴራፒ መድኃኒት ብዙውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ተሰጥቶ ያልቃል፤ ማቅለሽለሹ፣ የአፍ ቁስሉ፣ ድካሙና ትኩሳቱ ግን የሚበረቱት ሐኪም በሌለበት፣ በቤት ነው። እንግዲህ ይህ ሰው «ራስህን አስታምም» ሲባል አደራ እየተሰጠው ነው ወይስ እየተተወ?

በዚህ ነገር በሁለት ወገን ልንስት እንችላለን። አንደኛው ስሕተት በፍቅር ስም የሚፈጸም ነው፤ የሕመሙን ስም ከባለቤቱ እንሰውራለን፤ ስለ እርሱ እኛ እንናገራለን፤ እኛ እንወስናለን። ሁለተኛው ስሕተት ነፃነትን በማክበር ስም የሚፈጸም ነው፤ መድኃኒቱንና አንድ ወረቀት አስይዘን እንሸኘዋለን። ኦሮምኛ ብቻ ለምታውቅ እናት በማትረዳው ቋንቋ የተጻፈ ምክር ምክር ሊባል አይችልም። የመጀመሪያው ስሕተት ሰውን እንደ ሕፃን ይቆጥረዋል፤ ሁለተኛው ብቸኝነትን ነፃነት ብሎ ይጠራዋል።

በእነዚህ ሁለት ስሕተቶች መካከል የነርሷ አገልግሎት ይቆማል። ነርሷ የማስታወክ መከላከያው ማስታወክ ሳይጀምር፣ የሕመም ማስታገሻውም ሕመሙ እስኪበረታ ሳይጠበቅ በሰዓቱ እንዲወሰድ ታስተምራለች። አፍ በፈላና በቀዘቀዘ የጨው ውኃ እንዲጉመጠመጥ፣ ምግብም በጥቂት በጥቂቱ እንዲወሰድ ትመክራለች። ከሁሉ በላይ ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ሳይውል ሳያድር ወደ ቅርብ ሕክምና እንዲሄድ ታስጠነቅቃለች፤ መድኃኒቱ የደምን ነጭ ሕዋሳት ስለሚቀንስ ቀላል የሚመስል ልክፈት ሕይወትን ሊያጠፋ ይችላልና። ይህን ሁሉ ካስተማረች በኋላም ደግማ ትጠይቃለች።

ይህ ደግሞ መጠየቅ ትንሽ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ውጤቱ የታተመ፣ 766 የካንሰር ሕሙማን የተካፈሉበት ጥናት ነበረ። ስሜታቸውን በየጊዜው በኮምፒዩተር ያስታወቁና ሲብስባቸው መልእክቱ ለነርሶች የደረሰላቸው ሕሙማን አማካይ ዕድሜ 31 ወር ያህል ሲሆን፣ የተለመደው ክትትል ብቻ የተደረገላቸው ግን 26 ወር ያህል ነበር። በአገራችንም በነርሷ በሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን እ.ኤ.አ. በ2003 የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ሕሙማንን በቤታቸው የሚጎበኙ ነርሶችን ያሰማራል።

ነገር ግን ነርሷ የማትሰማውን ሕመም ልትረዳ አትችልም። ከምእመናን መካከል «ሕመሜን በትዕግሥት እሸከማለሁ» ብለው ዝም የሚሉ አሉ። ትዕግሥት ታላቅ ነው፤ ይሁንና ማስታገሻን መውሰድ የእምነት ጉድለት አይደለም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1957 ለሐኪሞች በሰጡት መልስ ይህ የተፈቀደ መሆኑን አስረድተዋል። «አመመኝ» ብሎ መናገርም የሕመምተኛው የሥራ ድርሻ ነው።

ከሜጋ በስተሰሜን በዱብሉቅ ያሉትን የቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች ያየ ነገሩን ያስተውላል። ሰዎች አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው፣ እየዘመሩ የውኃውን ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ያሳልፋሉ። ከታች ያለው ካልቀዳ ውኃ አይወጣም፤ ከበላዩ የሚቀበል እጅ ከሌለም የቀዳው ሁሉ ከንቱ ነው። ሕመምተኛው ከታች የቆመው ሰው ነው። ሥራው የራሱ ነው፤ ብቻውን ግን አይደለም።

ስለዚህ ጎረቤታችን ከሕክምና ሲመለስ «እንዴት ነህ?» ብለን ብቻ አንለፍ። ነርሷን የሚያገኝበት ስልክ አለውን? ምክሩን በቋንቋው የሚያነብለት አለውን? ሌሊት ቢያተኩሰው የሚያደርሰው ማን ነው? ደጉ ሳምራዊ የቆሰለውን ሰው በእንግዶች ማረፊያ ትቶት ሄደ፤ ሲሄድ ግን እንደሚመለስ ተናገረ። መተውንና አደራ መስጠትን የሚለየው ይህ የመመለስ ቃል ነው።