ስለ ጦርነት ጨዋታ፤ እንጨት የሚያስተምረውና የማያስተምረው

ጦርነት ደም የሚፈስበት፥ ቤት የሚፈርስበት ነገር ሲሆን፥ ሰላም የሚወድ ሰው የጦርነትን ምሳሌ ከእንጨት ቀርጾ ስለ ምን ይጫወታል? ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ ሰንጠረዥ በኢትዮጵያ መኳንንት ቤት የቈየ ጨዋታ ነውና። የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ይወዱ እንደ ነበር፥ በአውሮፓውያን ዘመን በ1805 ወደ እርሳቸው የመጣው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት ጽፎአል። በኢትዮጵያ ሰንጠረዥ መጀመሪያው ወረራ ይባላል፤ ይኸውም ሁለቱ ተጫዋቾች የፊተኛው ምርኮ እስኪያዝ ድረስ ተራ ሳይጠባበቁ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። ንጉሡንም በፈረስ ከመያዝ ይልቅ በታናሹ በመደቅ መያዝ የበለጠ ያስመሰግን ነበር።

በሰንጠረዥ ግን ምንም የተሰወረ የለም። በውጭ አገር የወጣው ሌላ ዐይነት ጨዋታ ይህን ለውጦታል። በአውሮፓውያን ዘመን በ1972 በካናዳ እንደ ታተመው «ኬቤክ 1759» ባለው ጨዋታ፥ የጦሩ ምልክት በእንጨቱ በአንድ ፊት ብቻ ይደረጋል፤ ያም ፊት ወደ ባለቤቱ ስለሚዞር፥ ባላጋራው የሚያየው ባዶ ጀርባውን ነው። የቆመው ታላቅ ጦር ይሁን ጥቂት ጭፍራ፥ እስኪጋጠም ድረስ አያውቅም። የተመታውም እንጨት ወዲያው አይወድቅም፤ በጐኑ እየተገለበጠ ኃይሉ ጥቂት በጥቂት ይቀንሳል።

እንግዲህ አስተዋዩን ሰው የሚስበው የደም ፍቅር አይደለም፤ ሳያውቁ መቍረጥ፥ ከቈረጡም በኋላ ፍሬውን መቀበል ነው። ዳኛም፥ ነጋዴም፥ የነፍስ አባትም የሰውን ልብ ሳያዩ በየቀኑ ይፈርዳሉ፤ ስለዚህ የእውቀትን ወሰን የሚያሳይ ጨዋታ ትዕግሥትንና ትሕትናን ሊያለማምድ ይችላል።

ነገር ግን እንጨት የማያስተምረው አለ። የጎጃም ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1874 ዓ.ም. ከዓባይ ማዶ በእምባቦ ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጋር ተዋግተው ተማረኩ። ይህ የሰንጠረዥ ጨዋታ ቢሆን፥ ንጉሡ ከተያዘ ሁሉ ነገር አለቀ፤ የወደቀውም ሁሉ ለማግሥቱ ተመልሶ ይሰለፋል። በእምባቦ የወደቀ ገበሬ ግን ወደ እርሻው አልተመለሰም፤ ለሚስቱና ለልጆቹ ጦርነቱ የጀመረው ሌሎች አበቃ ባሉ ጊዜ ነው። የንጉሡም ታሪክ በምርኮ አላለቀም፤ በ1888 ዓ.ም. ከማረኳቸው ከምኒልክ ጋር ሆነው ወደ ዐድዋ ዘመቱ። ተማራኪና ማራኪ በአንድ ሰልፍ የሚቆሙበትን ዕርቅ የትኛውም ገበታ አላሰበውም።

ስለዚህ ጨዋታው ኃጢአት አይደለም፤ በራሱም ጽድቅ አይሆንም። ጥንቃቄን ከእንጨቱ መማር ይቻላል፤ ምሕረትን ግን ተጫዋቹ ከሌላ ስፍራ ተምሮ መምጣት አለበት። በገበታው ፊት የሚቀመጥ ሰው፥ የወደቀውን እንጨት ሲያነሣ የወደቀ ሰው እንዲህ እንደማይነሣ ቢያስብ፥ ጨዋታው ለነፍሱ ጠቀመው፤ ይህን ከዘነጋ ግን፥ ቢያሸንፍም ተሸንፎአል።