የሰው ገንዘብ

ለቤተ ሙከራ ምርምር ከሚሸጡት ትናንሽ ብልቃጦች በአንዱ ላይ የሚነበበው ጽሑፍ እንደ ቅኔ ሰምና ወርቅ ያለው ነው። «የሰው ኢንሱሊን» ይላል፤ ዝቅ ብሎም «ለምርምር ብቻ እንጂ ለሰው አገልግሎት አይውልም» ሲል ያስጠነቅቃል። የሰው ተብሎ የተጠራ ነገር ለሰው አይሁን ከተባለ ዘንድ «የሰው» ያሰኘው ምኑ ነው? ይህን መጠየቅ የሳይንቲስቱ ብቻ ሳይሆን፣ የሰው ጉዳይ ጉዳዬ ነው የሚል ብዕረኛ ሁሉ ተግባር ነው።

ጥያቄውን የሚያከብደው በብልቃጡ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከማንም ሰው ገላ ያልተቀዳ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ስታንሊ ኮኸን፣ ኸርበርት ቦየርና ባልደረቦቻቸው በቤተ ሙከራ የተቀጣጠለ ዘረመል በባክቴሪያ ውስጥ ሊራባ እንደሚችል አሳዩ። በ1977 ሶማቶስታቲን የተባለው ባለ14 አሚኖ አሲድ ሆርሞን፣ በ1978 ደግሞ ባለ51 አሚኖ አሲዱ የሰው ኢንሱሊን በባክቴሪያ አማካይነት ተሠሩ። ትእዛዙን የያዘው ዘረመል እንኳ ከሰው አልተወሰደም፤ ኬሚስቶች የታወቀውን ቅደም ተከተል ተከትለው በእጃቸው ያዘጋጁት ነበር። በ1982 ይኸው ኢንሱሊን በአሜሪካ መድኃኒት ሆኖ ተፈቀደ። እስከዚያ ድረስ የስኳር ሕሙማን ሕይወት የተንጠለጠለው ከአሳማና ከከብት ቆሽት በሚወጣ ኢንሱሊን ላይ ነበር።

አንዳንዶች «የሰውን ነገር በባክቴሪያ ማሠራት የሰውን ክብር ማርከስ ነው» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «ቁስ ቁስ ነው፤ ክብርም ውርደትም አያውቅም» ሲሉ ይመልሳሉ። ሁለቱ ወገኖች ባላንጣ ይምሰሉ እንጂ መልሱን የሚፈልጉት በአንድ ሥፍራ፣ ይኸውም በቁሱ ውስጥ ነው። አንድ ቁም ጸሐፊ ምሥጢሩን ሳይረዳ ድርሳኑን ፊደል በፊደል ቢገለብጠው ድርሳኑ ድርሳን መሆኑ አይቀርም። ብራናው ቆዳ፣ ቀለሙም ጥላሸት ነው፤ የድርሳኑ ክብር ግን ከቆዳውም ከጥላሸቱም አይመነጭም። ባክቴሪያም የማታውቀውን ቃል እንዲሁ ትገለብጣለች። ስለሆነም የረከሰ ነገር የለም። ነገር ግን ድርሳን የሚገለበጠው ለአንባቢ ነውና፣ ከማን መጣ ከሚለው ይልቅ ለማን ተገለበጠ የሚለው ጥያቄ ይበልጣል።

«ለሰው አይውልም» የሚለው ማስጠንቀቂያ በራሱ ጭካኔ አይደለም። ለቤተ ሙከራ የተዘጋጀው ኢንሱሊን ለመድኃኒት በሚደረገው ፍተሻ አላለፈምና ከሰው ደም ጋር እንዳይገናኝ መከልከሉ ጥንቃቄ ነው። ሥራውም የተናቀ አይደለም፤ በቤተ ሙከራ ሳሕን ውስጥ ለሚያድጉ ሕዋሳት ምግብ ላይ እየተጨመረ እንዲያድጉና እንዲራቡ ይረዳል። በእነዚያ ሕዋሳት ላይ የብዙ ደዌያት ምሥጢር ይመረመራል።

ኅሊናን የሚቆጠቁጠው ሌላ ነገር ነው። በአንድ ቤተ ሙከራ ያለ ሕዋስ ኢንሱሊኑ ሳይጓደልበት ሲያድር፣ በድሃ አገር ያለ የስኳር ሕመምተኛ ልጅ ይህንኑ ንጥረ ነገር ዋጋው ከወላጆቹ አቅም በላይ በመሆኑ ወይም ከመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ በመጥፋቱ ያጣዋል። እርግጥ ነው፣ ሕዋሱ ከልጁ አፍ አልነጠቀም። ቤተ ሙከራው ዛሬ ቢዘጋ ለልጁ አንዲት ጠብታ አትተርፈውም። ስለዚህ ነገሩ ዘረፋ ሊባል አይችልም፤ ዕዳ ግን ነው። ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው የሚለው ብሂላችን ዕውቀት ላለው ሰው ሁሉ የተቆረጠ ዕዳ ነውና።

ይህን ዕዳ አስቀድመው የተረዱ ነበሩ። ኢንሱሊንን ለሕክምና ያበቁት ባንቲንግ፣ ቤስትና ኮሊፕ እ.ኤ.አ. በ1923 የፈጠራ መብታቸውን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያስተላለፉት እያንዳንዳቸው በአንድ ዶላር ብቻ ነበር። አንድ ዶላር ዋጋ ሳይሆን ምስክር ነበር፤ የያዙት የራሳቸው እንዳልሆነ የመሰከሩበት።

በቋንቋችን «የሰው» ማለት ከሰው የተገኘ ማለት ብቻ አይደለም። «ተው፣ የሰው ገንዘብ ነው» ስንል የሌላ ነው፣ በአደራ የተያዘ ነው ማለታችን ነው። የብልቃጡ ጽሑፍ ሰሙ ከሰው አምሳል የተቀዳ መሆኑን ሲናገር፣ ወርቁ ግን ይህ ነው፤ ያልታወቀው ሕመምተኛ ገንዘብ በተመራማሪው እጅ ይገኛል። ባለአደራ ደግሞ ሁለት ነገር ይጠየቃል፤ ምን አደረግህበት፣ መቼስ ትመልሳለህ? ለመጀመሪያው ጥያቄ ቤተ ሙከራዎች በየጊዜው መልስ ይሰጣሉ፤ ግኝታቸውንም ያሳትማሉ። ሁለተኛው ጥያቄ ግን የሚመለሰው በጽሑፍ አይደለም፤ መድኃኒቱ ልጁ ዘንድ ሲደርስ ነው።