ለመኪናሽ አሞርዛተር ስትመርጪ

ልጄ፣ ራቭ ፎርሽ ስፒድ ብሬከር ባለፈ ቁጥር እየተንሳፈፈ እንዳስቸገረሽ ነግረሽኛል። መካኒኩም «ጠንከር ያለ አሞርዛተር ግዢለት» ብሎሻል። ገንዘቡን ከማውጣትሽ በፊት ይህን ስሚኝ። የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ሞላው ነው እንጂ አሞርዛተሩ አይደለም። አሞርዛተር ለሞላው ልጓም ነው፤ በውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ ሲያልፍ የዝላዩን ኃይል ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ስለዚህ ለመስቀል ቤተሰብና ዕቃ ጭነሽ ጉራጌ ስትወርጂ የመኪናው ኋላ ከልክ በላይ የሚወርድ ከሆነ፣ የደከመው ሞላው ነው። ጠንካራ አሞርዛተር ብትገጥሚለት መኪናው እንደወረደ ይቀራል፤ በዚያ ላይ ወገብሽን ይጎዳሻል።

አሞርዛተሩ ማለቁን ራስሽ አረጋግጪ። ጎንበስ ብለሽ የአሞርዛተሩን ገላ እዪ። ስስ የዘይት ወዝ ላይ አቧራ ቢለጠፍ አያስደነግጥም፤ ዘይቱ እየወረደ አርጥቦት ከሆነ ግን አብቅቶለታል። ጎማውንም በመዳፍሽ ዳብሺው። አንዱ ቦታ ተበልቶ ቀጥሎ ያለው ከፍ ካለ፣ ጎማው መንገዱን እየረገጠ ሳይሆን እየዘለለበት ነው።

ከተማ ውስጥ ለሚመላለስና በዓል ሲደርስ አገር ቤት ለሚወጣ መኪና፣ ከፋብሪካው ጋር ከመጣው እኩል የሆነ ባለጋዝ አሞርዛተር ይበቃዋል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1919 የተመሠረተው የጃፓኑ ኬዋይቢ ለራሱ ለቶዮታም ያቀርባል። እንደ ቢልስታይን ያለው ባለአንድ ቱቦ አሞርዛተር ጋዙና ዘይቱ በፒስተን ስለሚለያዩ ዘይቱ አረፋ አይሠራም፣ ሙቀቱም ቶሎ ይወጣለታል። ቀኑን ሙሉ በጠጠር መንገድ ጭነት ይዞ ለሚውል ሰው ዋጋው ተገቢ ነው። አንቺ ግን አያስፈልግሽም።

ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ልትገዢ ስትገቢ ካርቶኑን አትመኚ፤ ካርቶን ማንም ያሳትማል። ዕቃውን በሻንሲ ቁጥርሽ አስፈልጊ፤ የፊቱ ግራና ቀኝ እንደሚለያዩም አትርሺ። ባለጋዙን ዘንጉን ወደ ውስጥ ገፍተሽ ስትለቂው በራሱ ቀስ ብሎ መውጣት አለበት። ያገለገለ፣ «ከዱባይ የመጣ» የሚሉሽን ግን በፍጹም እንዳትገዢ። ሁልጊዜም ጥንድ ጥንዱን ቀይሪ፤ አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ሲሆን መኪናው ፍሬን ሲያዝ ሚዛን ያጣል። ከፊቱ ጋር የላይኛውን መቀመጫ፣ ኩሽኔታውንና የአቧራ መከላከያ ጎማውን አብረሽ ግዢ። ሰዎች እዚህ ላይ ሲቆጥቡ በጣም አዝናለሁ፤ አሮጌው መቀመጫ መንኳኳቱን ይቀጥልና ጥፋቱ በአዲሱ አሞርዛተር ይላከካል።

ሲገጠም አጠገቡ ቁሚ። ብዙ የጋራዥ ልጆች የላይኛውን ዳዶ ሲያጠብቁ ዘንጉ እንዳይዞርባቸው በፒንሳ ይይዙታል። ያን ጊዜ አስቁሚያቸው። የሚያብረቀርቀው ዘንግ ላይ የፒንሳ ጥርስ የጫረው ጭረት፣ በወጣ በገባ ቁጥር የዘይት መዝጊያውን ጎማ እየቀደደ ያፈስሰዋል። የፊቱን ሞላ ለመፍታት ደግሞ ሞላ መጭመቂያ የሌለው ጋራዥ አታስገቢ፤ የታፈነ ሞላ ድንገት ከተፈናጠረ ሰው ይገድላል። የኋላው አሞርዛተር የታችኛው ቡሎን በመጨረሻ የሚጠብቀው መኪናው ከክሪክ ወርዶ በጎማው ሲቆም ነው። በአየር ላይ ከጠበቀ ጎሚኒው ተጠማዞ ይቀራል፣ ቶሎም ይቀደዳል። የፊቱ ተፈትቶ ሲገጠም የጎማው አቋም መለወጡ አይቀርም፤ አላይመንት ሳታሠሪ ረጅም መንገድ አትውጪ።