«ከላይ ታዟል» ሲባል

ልጆቼ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ወረዳዎች አዲስ የተቀጠራችሁ፣ ቶሎ ከሚለመዱ ቃላት አንዱ «ከላይ ታዟል» የሚለው ነው። ማን አዘዘ? አይነገራችሁም። ስልክ ይደወላል፤ አንድ ማህደር ከመደርደሪያ ተመዝዞ ይወጣል፤ ከቱሉ ዲምቱ በጠዋት የመጡት እናት «ነገ ይመለሱ» ይባላሉ። ከሰዓት ደግሞ መስኮቱ ላይ «ስብሰባ ላይ ነን» የሚል ወረቀት ይለጠፋል፤ ሲለጠፍና ሲነሣ ጠርዙ ያለቀ ወረቀት።

ነገሩ የዛሬ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. ማዕከላዊ ፐርሶኔል ኤጀንሲ ሲቋቋም ቅጥርና እድገት በችሎታ ይሁን ተብሎ ነበር። ደርግ ከባለሙያው ጎን ካድሬ አስቀመጠ። ኢሕአዴግ የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥን (ቢፒአርን) አመጣ። ቢፒአርን ሲያሙት አልወድም፤ አምስት ቢሮ ያዞር የነበረውን ጉዳይ አንድ መስኮት ላይ ያስጨረሰበት ቦታ አለ። ያበላሸው ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የተከተለው ነው፦ የአባልነት ፎርም በየጠረጴዛው ዞረ፣ «አንድ ለአምስት ተደራጁ» ተባለ፣ የሥራውና የፓርቲው ግምገማ ተደባለቀ። ጎበዙ ሠራተኛ ዝምታን ለመደ። ኃላፊውም ነገ ልነሣ እችላለሁ ብሎ ዛሬ አይፈርምም፤ ኢምንቷን ጉዳይ ሳይቀር ወደ ክፍለ ከተማ ይመራታል። እኛ ስንፍና የምንለው መጉላላት ግማሹ ፍርሃት ነው። በ2016 ዓ.ም. ከተማ አስተዳደሩ ሠራተኛውንም አመራሩንም የብቃት ፈተና አስፈትኗል፤ ስልክ ሲደወል የሚሆነውን ግን የትኛው ፈተና ይመዝነዋል?

ፖሊሲንና ጣልቃ ገብነትን ደግሞ ለዩ። ተመራጩ ፖሊሲ ያወጣል፤ ሠራተኛው አልወደድኩትም ብሎ ሥራ ማጓተቱ ያው ፖለቲካ ነው። የማን ማህደር ይቅደም ብሎ መምረጥ ግን የተመራጩ ሥልጣን አይደለም።

በቃል ስትታዘዙ አትከራከሩ። «አለቃዬ፣ በማስታወሻ ይጻፉልኝ» በሉ፣ በትሕትና። ብዙው ትእዛዝ እዚያው ይቀራል፤ በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ፊርማውን ማኖር የሚወድ የለም። ከተጻፈም ገቢ መዝገብ ላይ አስመዝግባችሁ ከማህደሩ ጋር አያይዙት። ዋጋ አያስከፍልም አልላችሁም፤ እድገት ሊያልፋችሁ፣ ከመሬት ነክ ሥራ ተነሥታችሁ መዝገብ ቤት ልትመደቡ ትችላላችሁ። ብትመደቡ አትክፉ። የገቢ ቁጥር የሚሰጠው እዚያ ነው፤ የእኚያን እናት ማመልከቻ ቀኑን ሳታዛንፉ መዝግቡላቸው።