የናና መዓዛ ከወዴት ነው?

መዓዛ በቅጠሉ ዘንድ ያለ እውነተኛ ባሕርይ ነው ወይስ በሚያሸተው ሰው ነፍስ ውስጥ ብቻ የሚፈጠር ስሜት ነው የሚለው ጥያቄ በፍልስፍና ታሪክ ከቀለምና ከጣዕም ጥያቄ ጋር ተዳብሎ ሲነሣ የኖረ ቢሆንም፣ ራሱን ችሎ የተመረመረበት ጊዜ ጥቂት ነው። ጋሊልዮ ጋሊሌይ እ.ኤ.አ. በ1623 ባሳተመው «ኢል ሳጂያቶሬ» በተባለው መጽሐፉ ጣዕም፣ ሽታና ቀለም ከሚሰማቸው ሕያው ፍጡር ውጭ ህልውና እንደሌላቸውና ፍጡሩ ቢወገድ እነርሱም አብረውት እንደሚጠፉ ጻፈ። በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጆን ሎክ ይህንኑ ሐሳብ አስፍቶ ቅርጽን፣ መጠንንና እንቅስቃሴን «ቀዳማይ ባሕርያት»፣ ማለትም በቁሱ በራሱ ያሉ፣ ሽታንና ቀለምን ደግሞ «ሁለተኛ ባሕርያት»፣ ማለትም ቁሱ በእኛ ላይ ስሜት የማሳደር ኃይል ብቻ፣ ሲል ከፈላቸው። ከዚያ ወዲህ ሊለካ የሚችለው ነገር እውነት፣ የሚሸተተው ግን የእውነት ጥላ ተደርጎ መታየቱ የተለመደ ሆነ። ይህ አከፋፈል ምን ያህል እንደሚጸና ለመመርመር ግን ሻይ ላይ ጣል ከሚደረገው ከናና የተሻለ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል።

የናናን ቅጠል ገልብጦ በአጉሊ መነጽር ለተመለከተ ሰው በገጹ ላይ የተበተኑ ጥቃቅን የሚያብረቀርቁ ነጠብጣቦች ይታያሉ። እነዚህ ተክሉ ዘይቱን የሚያከማችባቸው የዕጢ ፀጉሮች ናቸው፤ ቅጠሉ በሁለት ጣት መካከል ሲታሽ ስስ ሽፋናቸው ይቀደድና ዘይቱ ተንኖ ወደ አፍንጫ ይደርሳል። ዘይቱ እንደ ኑግ ወይም እንደ ሰሊጥ ዘይት ቅባት ሳይሆን በቀላሉ የሚተን ስለሆነ ተናኝ ዘይት ይባላል፤ ለማውጣትም ቅጠሉ በውኃ እንፋሎት ይታጠንና እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ከውኃው ላይ ይንሳፈፋል። ከዚህ ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ካርቮን የሚባለው ውህድ ነው። ካርቮን 10 የካርቦን፣ 14 የሃይድሮጅንና 1 የኦክስጅን አተም ያሉት ሲሆን፣ ዕፀዋት አምስት አምስት ካርቦን ካላቸው ክፍሎች አያይዘው ከሚሠሯቸው ተርፒን ከሚባሉት የውህዶች ወገን ይመደባል።

ካርቮንን ለዚህ ጥያቄ ልዩ የሚያደርገው ሞለኪውሉ ሁለት መልክ ያለው መሆኑ ነው። ሁለቱ መልኮች በአተሞቻቸው ብዛት፣ በክብደታቸው፣ በሚፈሉበት የሙቀት መጠን (231 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ) እና አተም ከአተም በተያያዘበት ሥርዓት አይለያዩም፤ ልዩነታቸው አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል መሆኑ ብቻ ነው፤ የቀኝ እግር ጫማ በሁሉም ነገር ከግራው ጋር ተመሳስሎ ሳለ ለግራ እግር እንደማይሆን ማለት ነው። ይህን ዓይነቱን ልዩነት በቁስ ዓለም ውስጥ በመጀመሪያ በግልጽ ያሳየው ሉዊ ፓስተር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1848 ከአንድ አሲድ ጨው የተገኙ ጥቃቅን ክሪስታሎችን በአጉሊ መነጽር እያየ፣ በእጁ እየለቀመ፣ ግራና ቀኝ ብሎ ለያቸው። የናና ዘይት የያዘው ካርቮን አንደኛው መልክ ነው። ሁለተኛው መልክ ከነጭ አዝሙድ ጋር የአንድ ቤተሰብ በሆነውና በአውሮፓ ዳቦና ጎመን ላይ በሚነሰነሰው ካራዌ በተባለው ዘር ውስጥ ይገኛል፤ ሽታውም ናናን ፈጽሞ አያስታውስም። ልዩነቱ ከቆሻሻ ወይም ከሌላ ቅልቅል የመጣ እንዳይሆን ለረጅም ጊዜ ተጠርጥሮ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1971 የታተሙ ጥናቶች ግን ሁለቱ መልኮች በላቦራቶሪ ተሠርተውና ጠርተውም እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሽታ እንደሚይዙ አረጋገጡ።

ከዚህ ግኝት ሁለት መቶ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1768፣ ኢማኑኤል ካንት ቀኝ እጅና ግራ እጅ በውስጣቸው ያሉት መጠኖችና ዝምድናዎች ሁሉ እኩል ሆነው ሳለ አንዱ በሌላው ስፍራ ሊገባ የማይችል መሆኑን አንሥቶ፣ የአንድን ነገር ክፍሎች ለየብቻ በመቁጠር ብቻ ነገሩን ጨርሶ ማወቅ እንደማይቻል ተከራክሮ ነበር። የካርቮን ነገር ይህንኑ ክርክር ወደ ሽታ ያመጣዋል፤ ሚዛንና ቴርሞሜትር አንድ ናቸው ያሏቸውን ሁለት ነገሮች አፍንጫ ሁለት ናችሁ አላቸው፤ አልተሳሳተምም። እርግጥ ፖላሪሜትር የሚባለው መሣሪያ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ ብርሃን በፈሳሽ ውስጥ ሲያልፍ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ መዞሩን ስለሚለካ፣ ሁለቱን መልኮች ያለ አፍንጫ መለየት ይችላል። የጋሊልዮ ወገን የሆነ ሰው ይህን ይዞ፣ አፍንጫ ቢጠፋ የሚቀረው የብርሃን መዞር እንጂ የናና መዓዛ አይደለም ሊል ይችላል። መልሱ ግን ያን ያህል ከባድ አይደለም፤ መሣሪያው ልዩነት መኖሩን ሲመሰክር የአፍንጫው ልዩነት ከውስጥ የተፈለሰፈ አለመሆኑን አብሮ መስክሯል።

ደግሞም አፍንጫ ራሱ ግራና ቀኝ ያለው ነገር ነው። ሊንዳ በክና ሪቻርድ አክሰል እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡት ሥራ የሽታ ተቀባይ ፕሮቲኖችን የሚያስገኙትን ጂኖች አገኙ፤ ሰው እንዲህ ያሉ የሚሠሩ ተቀባዮች ወደ 400 የሚጠጉ ዓይነቶች አሉት። ፕሮቲኖች ሁሉ የሚገነቡባቸው አሚኖ አሲዶች ደግሞ፣ ከአንዱ በስተቀር፣ የመስታወት ምስል ያላቸው ሲሆኑ ሕያዋን ለፕሮቲን ግንባታ የሚጠቀሙት በግራው መልካቸው ነው። ስለዚህ የናና ሞለኪውል ወደ ተቀባዩ ሲደርስ ቅርጽ ያለው ነገር ቅርጽ ያለውን ነገር ይገናኛል፤ መዓዛውም በዚህ መገናኘት ይገለጣል። መዓዛ በቅጠሉ ብቻ አለ ማለትም ሆነ በነፍስ ብቻ አለ ማለት ከእውነቱ ግማሹን መያዝ ነው። ሆኖም የመስታወት ምስል ሁሉ በሽታ ይለያያል ማለት አይቻልም፤ ብዙ ጥንዶች ለአፍንጫ አንድ ናቸው። ይህም አፍንጫ የራሱ ድንበር ያለው ምስክር መሆኑን ያሳያል፤ ድንበር ያለው ምስክር ግን ሐሰተኛ ምስክር አይደለም።

በዚህ ላይ በሌላው የናና ወገን፣ በፔፐርሚንት ዘይት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሜንቶል ከባድ ተቃውሞ ያቀርባል። ሜንቶል አፍን ሳያቀዘቅዝ ቀዘቀዘ ያሰኛል፤ ምክንያቱም፣ እ.ኤ.አ. በ2002 እንደታወቀው፣ ብርድን የሚያስታውቀውን የነርቭ ተቀባይ ራሱን ይከፍተዋል። ስሜት እንዲህ ከተታለለ መዓዛንስ ማን ያምናል? ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ «ቀዝቃዛ ነው» የሚለው ስሜት በቴርሞሜትር ሊፈተን የሚችል፣ ስለ ሌላ ነገር የሚናገር ቃል ስለሆነ ሐሰት ሊሆን ይችላል። የናና መዓዛ ግን ከራሱ ሌላ የሚናገርለት ነገር ስለሌለው በዚያ መንገድ ሊዋሽ አይችልም።

ጉዳዩ የሃይማኖት ሰውንም ይነካዋል። ዕጣን የናና ወገን ባይሆንም የመዓዛው ዘይት እንደ ካርቮን ተርፒኖችን የያዘ ነው፤ አካል የሌለው አምላክ መዓዛን ተቀበለ ሲባል ምን ማለት እንደሆነም ሊቃውንት ሲጠይቁ ኖረዋል። መዓዛ የሰው ነፍስ ፈጠራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰው የሚያቀርበው ከራሱ ስሜት የማያልፍ ነገር በሆነ ነበር፤ በቁሱ ብቻ ያለ ቢሆን ደግሞ ኢሳይያስ በመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ ተነቀፈው ዕጣን የተናገረው ትርጉም ያጣል፤ ዕጣኑ ያው ዕጣን ነበርና። የመገናኘት ሐሳብ ለዚህ ይቀርባል፤ ግን እስከ መጨረሻ አያደርስም፤ ፈጣሪ እንደ ሰው ተቀባይ ፕሮቲን የለውምና መቀበሉን በኬሚስትሪ ሚዛን መመዘን አይገባም። በዘፀአት 30 ላይ ለእግዚአብሔር የተለየውን ዕጣን የሚመስል ሌላ ዕጣን ሊያሸተው የሚሠራ ሰው ከወገኑ ተለይቶ እንዲጠፋ ታዝዟል፤ ይህ ሕግ የተቀመመው ነገር ለማንም ቢቀርብ በእርግጥ መዓዛ ያለው መሆኑንና የሰውም ደስታ በእርሱ እውነተኛ መሆኑን አስቀድሞ የተቀበለ ነው፤ አለዚያ የሚከለከል ነገር ባልኖረ ነበር።